ፒትስበርግን በትራም፦ ከጋሼ ወርቁ ጋር እስከ ፌኸንሃይም

እሁድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰፈራችን ኖርድቬስትሽታት

በእሁድ በዚህ ሰዓት ከአልጋው የሚወጣ ጤነኛ ሰው አለ? ጎረቤቴ ጋሼ ወርቁ ግን ቀድመውኝ ሕንፃው ሥር ቆመዋል፤ ሙሉ ሱፍ፣ ከረባት፣ አንገታቸው ላይ ወፍራም ሻርፕ። ጡረታ የወጡ የብረት መሐንዲስ ናቸው። ነገ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ሐኪሙ «ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል» ብሏቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ቦከንሃይም ሰፈር፣ የስደተኞች ማኅበራችን በተከራየው አዳራሽ፣ ለወጣቶቹ የመጨረሻ ንግግራቸውን ሊያደርጉ ነው፤ ፒትስበርግ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ በብረት እንዴት እንዳደገች።

«ከከተማው ሁሉ እሷን መረጡ?»

«ስደተኛ ነው የሠራት። ልጆቹ ይስሙት።»

ባቡር የለም! ሐዲዱ እየተጠገነ ነው፤ ምትኩ አውቶቡስ በየሰፈሩ ያዞረናል። ጋሼ ድምፃቸውን ለመቆጠብ አፋቸውን አይከፍቱም፣ እኔ ለሁለታችንም አማርራለሁ። መንገድ ላይ ጀርመኖቹ ብሬትሰል ለሚሉት አንድ ጨዋማ ዳቦ ሁለት ዩሮ ከሃምሳ ከፈልኩ፤ እሱም ደረቅ ነበር።

ረፋድ፣ ቦከንሃይም

«ሰዓት ይከበር» ብሎ የጻፈልን ሊቀመንበር ራሱ ከእኛ በኋላ መጣ። አዳራሹ ሞልቷል፦ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑ፣ ሽማግሌ የሚንከባከቡ፣ ቢሮ የሚያጸዱ ልጆች። አጠገቤ የተቀመጠችው ሃና ደግሞ ፌኸንሃይም ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች።

«ከሰዓት የሥራ ሺኽት አለኝ፤ ጋሼን ሰምቼ እሮጣለሁ» አለችኝ።

የመክፈቻ ንግግር ተደረገ። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ። ከዚያ ሊቀመንበሩ፤ ከዚያ ሊቀመንበሩን ለማመስገን ምክትሉ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ የጋሼን የሕይወት ታሪክ ከተወለዱበት ቀበሌ ጀመረው። አቤት የእኛ ነገር! ሰውየውን እናከብራለን ብለን አፋቸውን ዘጋናቸው። ጋሼ ጉሮሯቸውን እየዳበሱ ይጠብቃሉ። ልጆቹ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ጎንበስ እያሉ፣ አንድ በአንድ ወጡ።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ጋሼ፣ በአጭሩ! አዳራሹን ልናስረክብ ነው» አላቸው። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ጋሼ ተነሡ። ሃና ጃኬቷን እየለበሰች በሩ ጋ ደርሳለች። ማይኩን ለሊቀመንበሩ መልሰው «ቆዪ ልጄ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብለው ተከተሏት።

ከሰዓት፣ ወደ ፌኸንሃይም

እኔም ተከተልኳቸው፤ ምን ላድርግ! ትራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሼ ለመቀመጥ እንኳ አልፈለጉም፤ ብረቱን ይዘው ንግግራቸውን ለሃና ጀመሩ። ሦስት ወንዝ። ሆዱ ከሰል የሆነ ኮረብታ። ጭሱ ፀሐይዋን ጋርዶ በቀትር የሚበራ የመንገድ መብራት። ከዚያ ድልድዩ፣ ሙዚየሙ፣ የሙዚቃ አዳራሹ። በመስኮቱ የፌኸንሃይም ፋብሪካዎች ሲታዩ ድምፃቸው መሻከር ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ኧረ ይበቃዎታል!» ብዬ ተቆጣሁ። በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ።

የመጋዘኑ በር ላይ ደረስን። «አንዱ ባለ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አሠራላቸው» አሉ። ሃና ባጇን ከኪሷ አወጣች።

«ከሥራ የሚወጡት ስንት ሰዓት ነበር?»

«ከጠዋት እስከ ማታ እቶን ሥር ናቸው።»

«ታዲያ መቼ ያነባሉ?»

የጋሼ ፊት በራ። «አየሽ፣ እነሱም የጠየቁት ሰዓት ነበር። መጽሐፉንማ ሰውየው ሰጥቷቸው ነበር።» ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነው።

ሃና ጠጋ አለቻቸው። «እግዜር ይማርዎት ጋሼ» ብላ ትከሻቸውን ስማ ገባች።

አመሻሽ፣ ትራም ስንጠብቅ

ስልኬ ጠራ፤ ሊቀመንበሩ ነው። «ጋሼን አስቀየምናቸው መሰለኝ። የሚቀጥለው እሁድ ሙሉ ሰዓት እንሰጣቸዋለን፤ ልክ የመክፈቻው ንግግር እንዳለቀ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ጋሼን አየሁ፤ ሻርፓቸውን አጥብቀው፣ ጉሮሯቸውን ይዘው፣ እንደ ልጅ ፈገግ ብለዋል። እንባዬ መጣ።

«ተወው» አልኩት። «ጋሼ ድምፃቸውን ፌኸንሃይም ጨርሰውታል።»