ኮከብ ቆጣሪውን የገደሉት ጋሽ ቢራቱ

ሰው ሃምሳውን ሲያልፍ ወይ ስኳር ይጀምረዋል ወይ ደም ብዛት፤ እኔን ድርሰት ጀመረኝ።

ደረሰ እባላለሁ። ኢገን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሕመምተኞችን በቫን ወደየቀጠሯቸው ማድረስ ነው። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ደንበኛዬን ሙዚየም ወሰድኳቸውና ዊልቼራቸውን እየገፋሁ አብሬ ገባሁ። መስታወት ውስጥ አንድ የሸክላ ዋንጫ ተቀምጧል፤ ማያ የተባሉ የጥንት ሕዝቦች ካካዎ፣ ያው የቸኮሌት ፍሬ፣ በጥብጠው ይጠጡበት የነበረ ነው። «መጨረሻ ላይ የጠጣበት ሰው ማን ይሆን?» አሉኝ። እሳቸው ለጨዋታ ነው ያሉት። እኔ ግን መልሱን ልጽፍ ተነሳሁ።

ማያዎች የት አገር እንደኖሩ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። ይህ ምንም አላገደኝም። ደንበኛ እስኪወጣልኝ ክሊኒክ ደጃፍ ፓርክ አድርጌ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ፀሐይ በምትጨልምበት ዕለት የንጉሡ ኮከብ ቆጣሪ ሞቶ ይገኛል፤ አጠገቡ የካካዎ ዋንጫ ተደፍቷል። መርዙን የጨመረው የግምጃ ቤቱ ሹም ነው፤ ሊዋሽ ሲል ሁልጊዜ «እውነቱን ለመናገር» ይላል። ይህን አመል የወሰድኩት ከባለቤቴ ከገላኔ ታላቅ ወንድም ከጋሽ ቢራቱ ነው፤ ማንም አያውቅብኝም ብዬ። ምስጢሩን የሚፈታው ደግሞ ባላም የተባለ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው፤ መልከ መልካም፣ አስተዋይ፣ ቁጥብ። ያው እኔ መሆኔ ነው።

አንድ እሑድ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቤተሰቡንና ጓደኛዬን ዱጋሳን ሰብስቤ ማንበብ ጀመርኩ። ንጉሡ በበቅሎ ብቅ ሲል ልጄ ትሕትና ከስልኳ ቀና አለች።

«ዳድ! ኖ ሆርስስ! ኖ ሚዩልስ!»

ማያዎች የጋማ ከብት አልነበራቸውም ለካ። ንጉሡን እዚያው ከበቅሎው አወረድኩት። ቀጥሎ ንግሥቲቱ «በማርያም!» ብላ ስትጮኽ ዱጋሳን ሳቅ አፈነው። ኮከብ ቆጣሪው ሲሞት ጭራሽ ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ስጽፈው አልቅሼ ነበር።

ከዚያ ሹሙ አፉን ከፈተ፦ «እውነቱን ለመናገር…»

ሳቁ ቆመ። የሁሉም አንገት ወደ ጋሽ ቢራቱ ዞረ። እሳቸውም የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱ።

«ገዳዩ ይሄ ሰውዬ ነው?»

«ጋሼ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው…»

«ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው።»

ገላኔ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«መቼ ነው የሚያዘው?»

«ምዕራፍ ሦስት ላይ።»

«ምዕራፍ ሦስት!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «እኔን? በምዕራፍ ሦስት?»

ገዳይ ስላደረግኳቸው ተቀይመው አልነበረም፤ ቶሎ ስለተያዙ ተንቄያለሁ ብለው እንጂ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየሱቁ «ደረሰ መጽሐፍ እየጻፈ ነው፤ ገዳዩ እኔ ነኝ» እያሉ አወጁ። ምስጢራዊ ልብ ወለዴ ምስጢር አልባ ሆኖ ቀረ።

የባሰው ግን ወደ ቤት ስንመለስ የሆነው ነው። ገላኔን «ጸሐፊውንስ አወቅሽው? ያን ብልሁን?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ዱጋሳ መስሎኝ።»

ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ድራይቭ አደረግሁ።

ከብዙ ኩርፊያ በኋላ ባላምን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ምስክር እየጠየቀ ያንቀላፋል፤ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት እያለ አልጠፋብኝም ብሎ ይከራከራል፤ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ ያቅተዋል። ገዳዩን ሁሉም ስላወቀ መደበቁንም ተውኩት፤ የቀረው ጥያቄ እንዲህ ያለ ጸሐፊ እንዲያ ያለ ሹም መቼም ይይዛል ወይ የሚለው ነው። ይህኛውን ሳነብላት ገላኔ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ክንዴን ያዘችኝ፦ «ይሄማ አንተ ነህ!»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

መጽሐፉ አልቋል። ጋሽ ቢራቱ ብዙ ተከራክረው የሚያዙበትን ቦታ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ አስገፍተዋል፤ ከተያዙ በኋላም ለማምለጥ አሁንም እየደወሉ ይደራደራሉ። ያነበቡት ሰዎችም ሹሙ ቢያመልጥ ይሻላል ይላሉ። ጸሐፊው እንዲያሸንፍ የሚፈልግ አንባቢ እስካሁን አላገኘሁም።