ለዝቋላው ስልክ ያበጀሁት ቁልፍ

እኒያ የዝቋላ ሰው የሞቱት እኔ ሥራዬን አሳምሬ ስለሠራሁ ነው። ይህን ስል የሚሰሙኝ ሁሉ «ምን አደረግሽና፣ ወባ ነው የገደላቸው» ይሉኛል። ወባ መሆኑን እኔም አላጣሁትም።

ያኔ ሰቆጣ ባንድ መሥሪያ ቤት የመገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ለገጠር ቀበሌዎች ገመድ አልባ ስልክ የሚታደልበት ጊዜ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ባትሪው በፀሐይ የሚሞላ፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ሞባይል ሲም ካርድ ያለው። ስልኮቹ ወደየቀበሌው ከመውጣታቸው በፊት ሲሙን እያስገባሁ፣ የሚስጥር ቁጥር እያበጀሁ፣ ሞክሬ የማስረክበው እኔ ነበርኩ። ቀደም ብለን ከላክናቸው የአንዱ ሲም ተነቅሎ ስለጠፋ አለቃዬ ተቆጥቶ፣ «ስልኩን ከሚረከበው ጠባቂ በቀር ማንም እንዳይከፍተው አድርጊ» አለኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን እጥፍ አደረግሁት። አብሮ የመጣውን ቀላል ቁጥር ሰርዤ፣ የታቦት ቀንም የማንም ልደትም ያልሆነ አራት አሃዝ መረጥኩ። ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ይህንን ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፍተው ሲሙ ተፈልቅቆ የወጣበት ፕላስቲክ ላይ ያለው ስምንት አሃዝ ብቻ ነው። ፕላስቲኩን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ መሳቢያውንም ቆለፍኩ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ከሰቆጣ ወዲያ ቆላው ውስጥ ያለችውን የዝቋላን ስልክ ሊረከቡ የመጡት ሃምሳውን የተሻገሩ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ገበሬ ናቸው። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አሃዞቹን ባገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ለራሳቸው እያነበነቡ አራት ጊዜ ከፈቱት፤ አንዴም አልሳቱ።

«ባለቤቴም ትወቀው?» አሉኝ።

«አይሆንም።»

«ልጄ፣ ሰው ነኝ እኮ። ብታመምስ?»

«እርስዎማ ምን ይሆናሉ፣ አለት ነዎት!» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። «ለማንም አያሳዩ፤ ወረቀቱ ከገላዎ አይለይ» ብዬ ጨመርኩበት። ፊታቸው ኮስተር አለ። «እንግዲህ አደራ ነው» አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው ስልኩን በአህያ ጭነው ሄዱ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ስልክ መጣልኝ፤ የሰውየው ወንድም ነበር። ስልክ ወዳለበት ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ በእግሩ ተጉዟል። ሰማዩ ደመና ሆኖ ፀሐይ ስለጠፋ ሰውየው ባትሪ ለመቆጠብ ስልኩን አጥፍተውት ኖሯል። ከዚያ ወባው ጣላቸው፤ ራሳቸውን ሳቱ። የጤና ኬላዋ ልጅ «እኔ ጋ መድኃኒቱ የለም፣ ከሰቆጣ መኪና ይጠራ» አለች። ባለቤታቸው፣ እሳቸው ሲከፍቱ ጣታቸው በየት በየት ሲሄድ እንዳየች አስታውሳ ሞከረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስልኩ ተቆለፈ።

«መኪና ላኪልን፣ መክፈቻውንም ንገሪኝ፤ ቤት ውስጥ ሌላም በሽተኛ አለ» አለኝ እያለከለከ።

የመሳቢያው ቁልፍ ቤቴ ቀርቷል። አቤት የኔ ነገር! ወንድምየው ስልኩን ይዞ እየጠበቀ እኔ መሳቢያውን በመዶሻ ገነጠልኩት። ስምንቱን አሃዝ አነበብኩለት፤ «ሲከፈት አዲስ ቁጥር ስጡት፤ በሽተኛውንም መኪና መንገዱ ድረስ አውጡልን» አልኩና ወደ ሆስፒታሉ ሮጥኩ። ያለችውን አንዲት መኪና ለምኜ፣ አልቅሼ አስነሳሁ። ሐኪሙ «ራሳቸውን በሳቱበት ቀን ቢነገረን ጥሩ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። መንገዱ ከሚያልቅበት ድረስ መኪናው ይሄዳል፣ እነሱ በሽተኛውን በቃሬዛ ይዘው ይወጣሉ። መገናኘታቸውን የሚነግረኝ አልነበረም። የማላውቀው ስለት ሁሉ ተሳልኩ።

በሦስተኛው ቀን የቢሮዬ ስልክ ጮኸ። የዝቋላው ስልክ ቁጥር ነው!

«ተከፈተላችሁ?» ብዬ ጮኽኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ሰውየው ሳልጠይቅ ስለ ስልኩ ጠየቅሁ።

«ተከፍቷል» አለኝ የሴት ድምፅ። ባለቤታቸው ነበረች። «እሱ ግን አረፈ። ቃሬዛውን ተሸክመን ወንዙ ጋ ሳንደርስ።»

እሷ ቀጠለች።

«አንገቱ ላይ አዲስ ክታብ ነበረ። ካህን የሰጠው መስሎኝ፣ ታሞ ሳለ እያነሳሁ ግንባሩን አሽበት ነበር። ክታብ አይፈታም ብዬ እንጂ መቀስ ከእጄ አልጠፋም። ልንገንዘው ስንል የክታቡን ቆዳ ብንተረትረው ያንቺ ወረቀት ነው።»

«ምነው ለእርስዎ በነገሩዎት!» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁ።

«ለምኜው ነበር እኮ። አደራ አልበላም አለኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀደመችኝ።

«አዲሱን ቁጥር በሩ ላይ በከሰል አስጽፌዋለሁ» አለችኝ። «መንገደኛውም እረኛውም ይየው። ካልወደድሽው፣ ልጄ፣ ራስሽ መጥተሽ አጥፊው።»