ድንጋዮቹ ጋ ያልቆመው አውቶቡስ

ዘርፈሽዋል በጉባኤው ፊት ቆማ ይቅርታ እንድትጠይቅ በተቀጠረባት እሑድ፣ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ምእመናኑ የተከራዩት አዳራሽ ከወትሮው ቀድሞ ሞላ። መቼም ለጸሎት ሲሆን በየምክንያቱ የሚያረፍድ ሰው፣ ነገር ሲሸተው በሰዓቱ ይደርሳል። እሷም ከቤቷ ከሪደርቫልድ ተነሥታ እስክትደርስ ባቡር ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ነው የመጣችው። ልጇ ሐሴት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በመስኮት ታያለች። ሐሴት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመች ሰንብታለች፤ ዛሬ ግን ማንም ሳይጠራት ጃኬቷን አጥልቃ ተከተለቻት። ለምን እንደመጣች ዘርፈሽዋል አልጠየቀችም። መልሱን ፈርታለች።

ዘርፈሽዋልን የማያውቃት ሰው «ቁጡ ናት» ይላል፤ የሚያውቃትም እንደዚያው ነው የሚለው። ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ታጸዳለች። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላው እስኪገባ ባለችው አፍታ ከወንበር ወንበር እየተሯሯጠች ታራግፋለች፣ ትጠርጋለች። የተለጠፈ ማስቲካ ባገኘች ቁጥር የለጠፈውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ትረግመውና ወዲያው «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ትላለች። የሚኖሩበት ሕንፃ ሀውስማይስተር፣ ማለትም ተቆጣጣሪው፣ ከሩቅ ሲያያት በሌላ በር ይወጣል፤ ማሞቂያው ተበላሽቶ በከረመ ጊዜ ያወረደችበትን መዓት አልረሳውም። ጉባኤው ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት፤ እሺ ወንድሜ፣ እሺ እህቴ፣ ተባረክ፣ ተባረኪ። ለሠርግ ወጥ የምትሠራ እሷ፣ ለለቅሶ የምትሮጥ እሷ፣ ወንበር የምትደረድር እሷ።

ሐሴትን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። «እኔ ላይ ትጮኺያለሽ፣ ሀውስማይስተሩ ላይ ትጮኺያለሽ፤ እነሱ ጋ ስትደርሺ ግን አፍሽ ይዘጋል» ትላታለች በጀርመንኛ። አማርኛውን ትሰማዋለች እንጂ ከአፏ ከወጣ ዘመን ሆኖታል።

የድንጋዩን ነገር ያመጣችው ራሷ ዘርፈሽዋል ናት። ሐሴት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ከአንድ የአውሮፕላን ወንበር ኪስ ውስጥ ተሳፋሪ የረሳው መጽሔት አግኝታ ወደ ቤት ይዛ መጣች። ውስጡ የእንግሊዝ ገጠር ፎቶ አለ፤ አረንጓዴ ሜዳ፣ በጎች፣ በመካከሉ ክብ ሠርተው የቆሙ የጥንት ድንጋዮች። «እዪ፣ እኛም አገር ትክል ድንጋይ አለ» አለቻት። የተወለደችው ሶዶ፣ ጢያ አጠገብ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰይፍ በተቀረጸበት ድንጋይ ጥላ ሥር ጠጠር ትጫወት ነበር። ሐሴት ፎቶውን ቀድዳ ከአልጋዋ በላይ ለጠፈችው። «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» አለች እናት።

ያ አንድ ቀን ስንት ዓመት ተንከባለለ! ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃድ፣ በወጣች ቁጥር ወይ ኮንፈረንስ አለ፣ ወይ የጾም ጸሎት፣ ወይ የእንግዳ ሰባኪ መስተንግዶ። ልጅቷ መጀመሪያ መለመን ተወች፤ ቀጥላ ቤተ ክርስቲያኑን ተወች። በቅርቡ ደግሞ «አሥራ ስምንት ስሞላ ሽቫንሃይም ሰፈር ከጓደኛዬ ጋር ቤት እይዛለሁ» አለች። ብትቆጣ እኮ ጥሩ ነበር፤ እንዲያው ነገ ይዘንባል እንደሚባለው አድርጋ ነው የተናገረችው። ዘርፈሽዋል ጩኸት ቢሆን ታውቅበታለች፤ ይሄኛውን ግን በምን ትመልሰው? ልጇን ልታጣ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው በበጋ እንግሊዝ ካለች እህት ጉባኤ ጋር ኮንፈረንስ እንደሚያደርግ፣ ሲጨርስም በድንጋዮቹ በኩል የሚያልፍ የአንድ ቀን ሽርሽር እንዳለ ሲነገር፣ ቀጥ ብላ የጉዞ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ሀይለየሱስ ጋ ሄደች።

«ድንጋዮቹ ጋ እንቆማለን?»

«እንቆማለን፣ እህቴ።»

«ቃልህ ነው?»

«በጌታ ፊት!» አላት እጇን ጨብጦ።

ይህንን ይዛ ወደ ሐሴት ሄደች። ልጅቷ ብዙ አሰበችና «አንድ ጊዜ ብቻ አምንሻለሁ፤ የመጨረሻ» አለች። መጣችም።

የሽርሽሩ ቀን ጠዋት መልካም ነበር፤ ይሄ አይካድም። መጀመሪያ የገቡት አንድ የድሮ ባላባት የአትክልት ቦታ ነው፤ ጽጌረዳው በድንጋይ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ፣ መንገዱ ተጠርጎ፣ ንቡ እያንዣበበ። ዘርፈሽዋል ስንት ዓመት አውሮፕላን ጠርጋ፣ አውሮፕላኑ የሚሄድበትን አገር ገና በዚህ ጉዞ በእግሯ ረገጠች። እናቶች ሣሩ ላይ አንሶላ ዘርግተው ድፎውን ሊቆርሱ ሲሉ አትክልተኛው እየሮጠ መጣና «እዚህ አይበላም» ብሎ ከነድፏቸው አስነሣቸው። ሐሴት የእናቷን ክንድ ይዛ እስክትንገዳገድ ሳቀች። ክንዷን ከያዘቻት ስንት ጊዜዋ!

ጉዱ የመጣው ኮረብታው ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ከፍታ ነው፤ ሰው ትንሽ ቆሞ፣ ፎቶ አንሥቶ ይወርዳል። ሀይለየሱስ ግን ከፍታ ሲያይ ማይክ ትዝ ይለዋል። ድምፅ ማጉያውን ከአውቶቡሱ አስወርዶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ለእንግሊዝ ምድር እንጸልይ አለ። ይጸለይ፣ ማን ከለከለ! ለሰሜኑ ተጸለየ፣ ለደቡቡ ተጸለየ፣ ለመንግሥቱ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለወጣቱ። ውሻቸውን ይዘው የመጡ እንግሊዞች አልፈዋቸው ሄደው፣ ደርሰው ተመልሰው ሲያልፉ እንኳ ጸሎቱ ገና ስኮትላንድ አልደረሰም። ሐሴት ሰዓቷን ታያለች። ዘርፈሽዋል አፏ አሜን እያለ ዓይኗ የሐሴትን ሰዓት ይከተላል።

አውቶቡሱ እንደተነሣ ሀይለየሱስ ማይኩን ያዘ። «ቅዱሳን፣ ሹፌራችን በሕግ የተፈቀደለት የመንዳት ሰዓት እያለቀ ስለሆነ ድንጋዮቹ ጋ አንቆምም። ክብር ለጌታ ይሁን!»

ሰዉ «አሜን!» አለ። እስቲ አሁን ይሄ አሜን ይባልበታል?

ሐሴት ተነሥታ ወደ ሹፌሩ ሄደች። ሹፌሩ ከፍራንክፈርት ይዟቸው የመጣ ጀርመን ነው፤ በአጭሩ አናግራው ተመለሰች። «ኤር ሉግት» አለች፤ ሀይለየሱስ ይዋሻል ማለቷ ነው። «ሹፌሩ ገና ብዙ ሰዓት አለኝ ይላል። ድንጋዮቹን ዝለላቸው ብሎ የነገረው ትናንት ነው።»

ዘርፈሽዋል ወንበር እየያዘች ወደ ፊት ሄደች። «ወንድም ሀይለየሱስ፣ እውነት ሰዓት የለም?» ስትል ድምፅዋ ገና ዝቅ ያለ ነበር።

ሀይለየሱስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ የጣዖት ቦታ ነው እኮ። ልጆቻችንን እዚያ አናወርድም። ሰዓት የለም ያልኩት ሰው እንዳይረበሽ ብዬ ነው።»

«እና ቃልህስ?»

«ጌታ ልቤን ያውቃል።»

በዚያው ቅጽበት በመስኮቱ ታዩ። ግራጫ ሆነው፣ ከበጎቹ መሃል ቆመው፣ ልክ እንደ ፎቶው። አውቶቡሱ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፋቸው። ሐሴት አንገቷን አላዞረችም። ማዳመጫዋን ደፍታ ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ዘርፈሽዋል ፈነዳች። «ውሸታም! እጄን ጨብጠህ፣ ጌታን ጠርተህ ዋሸኸኝ! እኔ ድንጋይ መሃል ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ድንጋይ ዋሽቶኝ አያውቅም! ቆሞ ከመዋል በቀር ምን አደረገህ? ልጄን ነው ያሳጣኸኝ፣ ትሰማለህ? ልጄን!» ሳምቡሳ ሲያድሉ የነበሩት እናቶች ሳህናቸውን እንደያዙ ቀሩ። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ያነጋገራት ሰው አልነበረም።

ቤት በደረሱ ማግስት ፎቶው ከሐሴት አልጋ በላይ የለም። ግድግዳው ላይ የቀረው የተለጠፈበት ምልክት ብቻ ነው።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ይቅርታ ትጠይቅ አለ። ጓደኛዋ ዶርቃ ደወለችላት። «ውሸታም ማለትሽ ነው ያስቀየማቸው። ተይ፣ አንድ ቃል ብለሽ ይለፍ። ሕመም አለ፣ ሞት አለ፤ ያለ ሰው ምን ልትሆኚ ነው?» እውነቷን ነው። በዚህ ከተማ ዘርፈሽዋል ያሏት ሰዎች እነዚያው ናቸው። ደሟ እየፈላ «እሺ» አለች። ሐሴት ከበሩ ቆማ ሰምታ ነበር፤ ክፍሏን ዘጋች።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው አዳራሹ የደረሱት። መዝሙሩ አልቆ ሀይለየሱስ ወጣ። «እህታችን ዘርፈሽዋል የምትነግረን አላት» ብሎ በለሰለሰ ፊት ማይኩን ሰጣት።

ዘርፈሽዋል ተቀበለች። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሐሴት ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ቆማለች። ወጥታ ለመሄድ ያሰበች ሰው አቋቋም ነው። ዘርፈሽዋል ባቡር ውስጥ ያጠናችው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ እምቢ አለ።

«ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር አለ» አለች።

ሀይለየሱስ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«በጌታ ፊት ቃል ገብቶ ማፍረስ አለ። ሰዓት እያለ የለም ብሎ፣ በውሸት ላይ ሰውን አሜን ማስባል አለ። ያደረገው ሰው ይጠይቅ።» ማይኩን ወደ ሀይለየሱስ ዘረጋች። «እንካ።»

እሱ እጁን ከጀርባው አድርጎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እህቴ፣ ተረጋጊ...»

«ተረጋግቻለሁ። እንካ!»

ዶርቃ አቀርቅራለች። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆየ፣ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ማይኩን ይቀበሏት እንጂ!»

ድምፁ ከበሩ በኩል መጣ፤ በአማርኛ ነው፣ ያውም በቁጣ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ዘርፈሽዋል ግን መዞር አላስፈለጋትም፤ ቁጣው የራሷ ነው፣ ሀውስማይስተሩን በሌላ በር የሚያስወጣው።

ሀይለየሱስ እጁን ከጀርባው አውጥቶ ማይኩን ተቀበለ።