ከተለቀሰልኝ በኋላ መታወቂያዬን ያደስኩበት ጉዞ

እኔ ገላሳ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብና መጻፍ ራሴን ያስተማርኩ፣ አራት ቋንቋ የምናገር፣ ናይሮቢ ውስጥ ሌላው ጠጋኝ ተስፋ የቆረጠበትን ሬዲዮ የማስጮህ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ተሰድጄ ባዶ እጄን ገባሁ፤ ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ። የዚህ ጉዞ ምክንያት የልጄ ሠርግ ነው። እኔ አባቷ ቆሜ ልድራት፣ አክስቷ ጫልቱም ከአምቦ መጥታ ልትመርቃት ይገባል። ወደ አገር የገባሁት ለአንድ ጉዞ ብቻ በሚያገለግል ወረቀት ስለሆነ ለመመለስ ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱ ደግሞ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልገኝ ነበር።

እስከ አምቦ

ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሬ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አለፍኩ። ጊንጪ ስንቆም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ፤ ከጭልሞ ጫካ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ነው። ሰዉ እስኪበላ የአውቶቡሱን የተበላሸ ሬዲዮ በኪስ መፍቻዬ ሠራሁት። ከዚያ ወዲያ በሙዚቃና በምርቃት ታጅቤ አምቦ ገባሁ።

ቀበሌ

ጸሐፊዋ አሮጌ መታወቂያዬን ይዛ መዝገቡን ገለጠችና ቀና አለች።

«ኦቦ ገላሳ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል።»

«ማን ፈቅዶልኝ?» አልኳት።

ለካ ከዓመታት በፊት ከናይሮቢ የመጣ ሰው የሌላ ገላሳን ሞት የእኔ አድርጎ ለቤተሰቤ መርዶ ነግሯል። እድሩ ድንኳን ተክሎ አልቅሶልኛል፤ ቀበሌውም ስሜን ሰርዟል። ጫልቱ በኋላ ድምፄን በስልክ ሰምታ መኖሬን ብታውቅም፣ ያዝናል ብላ የለቅሶዬን ነገር አልነገረችኝም።

«አብራኝ የመጣችው እህቴ ጫልቱ ይችው፣ ትመስክር።»

«የሥጋ ዘመድ አይሆንም፣ አባባ። ሞተዋል ብሎ ያስመዘገበው እድሩ ነው፤ የእድሩ ዳኛ ይምጡ።»

ልጄ ያለ አባት ስትዳር ታየኝ።

ጉደር

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቶሎሳ ጉደር ሽንኩርት ማሳቸው ላይ ናቸው ሲሉን እኔና ጫልቱ በሚኒባስ ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል። ፊቴን ቀረብ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላውቀውም። እኛ ያለቀስንለት ገላሳ ፀጉር ነበረው።»

«ኦቦ ቶሎሳ! የሰፈሩን የመጀመሪያ ሬዲዮ ፈትቶ የሠራው ማነው? የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ያለ መሰላል የወጣውስ? ይሄን የጉደርን ወንዝ በክረምት ዋኝቶ የተሻገረ ከእኔ ሌላ...»

ሳልጨርስ መኮትኮቻቸውን ጥለው አቀፉኝ።

«እሱ ነው! እንዲህ ራሱን የሚያወድስ ሌላ ሰው አምቦ አልተፈጠረም! አንተ፣ እኛን ዝናብ ላይ አስለቅሰህ ትወፍራለህ?»

ጫልቱ «ገለቶሚ ዋቃዮ፣ ተመስገን!» እያለች እዚያው ሽንኩርቱ መሀል ተንበረከከች። እኔም ድሮ ዝም በል የሚሉኝ ሁሉ ተሳስተው እንደነበር አረጋገጥኩ።

በማግስቱ ኦቦ ቶሎሳ ለቅሶዬ ላይ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡና መሰከሩ።

«ከሞት የተነሣ ሰው ስመዘግብ የመጀመሪያዬ ነው» አለች ጸሐፊዋ።

«በጥሩ ሰው ጀመርሽ» አልኳት።

ናይሮቢ

በሰላም ተመልሻለሁ። መታወቂያዬን አድሻለሁ፤ ለራሴም ለእህቴም ፓስፖርት አውጥቻለሁ። አውሮፕላን የምትፈራውን ጫልቱን እጇን ይዤ አሳፍሬያለሁ። ልጄን ቆሜ ድሬያለሁ፤ አክስቷም መርቃታለች። ከሁሉ በላይ ግን ከአምቦ ሳልወጣ በእድሩ አባላት ዘንድ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ለሞቴ ያለቀሱልኝን ሰዎች በሕይወቴ አመስግኛለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።