ከውኃ ወጥቶ የሚዘፍነው ሰው

እኔ ፊልም የሚባል ነገር ወድጄ አላውቅም። የራስህ ሥራ ተከምሮ ሳለ ተቀምጠህ የሰው ኑሮ ስታይ ትውላለህ፤ ምን ይረባል? ያን ጊዜ ወረታ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር፣ ለጨዋታም ጊዜ አልነበረኝም። አንዱን ፊልም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ያየሁትም በታላቅ እኅቴ ምክንያት ነው።

እኅቴ ባሏን ያጣችው በክረምት ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ውኃ ሲያለብሰው ባሏ ከብቶቹን ከሜዳ ላውጣ ብሎ ገባ። ከብቶቹ እየዋኙ መጡ፤ እሱ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ውኃው ሲጎድል ሜዳውን ስናስስ ከረምን፣ አንዲት ጨርቅ እንኳ አላገኘንም። መሞቱን አገር ያውቃል። ለእሷ የሚነግራት ግን ጠፋ።

በእኛ አገር መርዶ ያልተነገራት ሴት አታለቅስም፣ ከል አትለብስም፣ ተዝካር አታወጣም። ሽማግሌዎቹን ብንለምን፣ «አስከሬን ሳይገኝ መርዶ? ኋላ ሰውየው ቢመጣስ፣ በየት ዓይናችን እናየዋለን?» አሉ። የነፍስ አባቷን፣ «አባ፣ እርስዎ ይንገሯት» ብንላቸው፣ «እናንተ ዘመዶቿ እያላችሁ?» ብለው መለሱን። አንዱ ወደ አንዱ ሲገፋ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እሷም አትጠይቅም። የሱን ጋቢ አጥባ ታሰጣለች፣ አጥፋ ታስቀምጣለች። እኛ ደግሞ፣ «ምስኪን፣ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ማን ጨክኖ ይቁረጥባት?» እያልን አንጀታችን ያርር ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ሰውዬ በመኪና ፊልም ጭኖ መጣ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከተማ ከተማውን እያሳየ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነው። ሌሎቹ ፊልሞቹ ተበላሽተውበት አንድ የህንድ ፊልም ብቻ ቀርቶታል። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ፤ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሰው ፊልሙን ጥሎ ወጣ፣ የሰጠመ ሰው ከውኃ ወጥቶ ይዘፍናል ተባለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኸኛው እንኳ አርፍዶ ጥቅምት ላይ ደረሰ። ቅዳሜ ገበያው ሁሉ በዚሁ ሲስቅ ዋለ።

እኅቴ መጥታ እስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመች። ከስፌቴ ቀና ሳልል፣ «ምነው እትዬ?» አልኋት።

«ውሰደኝ።»

«ወዴት?»

«እፊልሙ።»

«ተይ፣ እሱ ላንቺ አይሆንም።»

«ለምን?» አለች፣ ዓይኔን እያየች።

ለምን ብዬ ልመልስ? መልሱ ራሱ መርዶ ነው። መቀሴን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ፊልሙ የሚታየው ከአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮቱን በከብት ቆዳ፣ በጀንዲ ደፍነው፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥረዋል። ሰዉ ሽምብራ እየቆረጠመ ገባ። ታሪኩን ለመረዳት ቋንቋ አላስፈለገም። አንዲት ሴት ከኩሬ ዳር ባለ ትልቅ ቤት ትኖራለች፣ ባሏ እኩሬው ሰጥሟል፣ እሷ አታውቅም። ባሏ ቄጠማ የመሰለ ነገር እራሱ ላይ ተጠምጥሞበት፣ ውኃ እየተንጠባጠበ ብቅ አለና ድምፁን ለቀቀው።

በስመ አብ! የተባለው ሳያንስ ሬሳው ወደኛ እየተራመደ ነው የሚዘፍን። ከፊት የነበሩት ሴቶች እያማተቡ ተነሡ፣ ከኋላ የነበሩት ወንዶች ግን ቀድመዋቸው ወጡ። ጎራዴ ታጥቆ የሚንጎራደድ አንድ ጎረቤቴ ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ባንድ አፍታ መጋዘኑ ውስጥ እኅቴና እኔ፣ ባለፊልሙም ብቻ ቀረን። ሰውየው ለምዶታል መሰል፣ ሳይናደድ ፊልሙን ሊያጠፋ እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደ።

«ተወው፣ ወንድሜ፤ ይጨርስ» አለችው እኅቴ።

ሰውየው ደነገጠ። መጨረሻውን እሱም አይቶት አያውቅም፤ እስከዚያ የቆየ ሰው አልገጠመውም። በርጩማ ስቦ እሱም ተቀመጠ።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ ፊልሙ ፊልም አልነበረም። የሟቹ ፊት ላይ የተቀባው ዱቄት ይታያል። ሰው አዝኖ ተቀምጦ ሳለ ከየት መጡ የማይባሉ ኮረዶች ዘለው ገብተው ይጨፍራሉ፣ ጨርሰው ይወጣሉ፣ የጠየቃቸውም የለም። የሴትዮዋ ድምፅ ግን ደግ ነበር፤ ባሏ ሲዘፍን እየተቀበለች ትመልስለታለች። ባሌ ቤት እየመጣ ነው ብላ ትስቃለች፣ ምግብ ታቀርብለታለች። ጎረቤቶቿ ያያሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። እኅቴን ለማየት አፍሬ አቡጀዲው ላይ እንዳፈጠጥሁ ቀረሁ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መጡና አጠገቧ ቆመው አንዲት ቃል ተናገሩ። ዘፈን የለም፣ ጭፈራ የለም። ሴትዮዋ እጇ ላይ ያሉትን አምባሮች ሁሉ በድንጋይ ሰባበረቻቸው፤ ለካ የነሱ አገር ከል ይኸው ነው። ሰውየው ከውኃው አልተመለሰም፤ ፊልሙም በዚያው አለቀ።

«ነገሯት» አለች እኅቴ፣ ቀስ ብላ።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። የሸሸው ሰው ሁሉ በር ላይ ተኮልኩሎ፣ «ሬሳው ምን አላችሁ? ሰላም በሉልኝ አላለም?» እያለ ይዘባበትብናል። እኅቴ ከመካከላቸው ቆመችና ወደኔ ዞረች። ሣቁ ወዲያው በረደ።

«ሁለት ክረምት እሱን የምጠብቅ መስሏችኋል?» አለችኝ። «እናንተን ነው የጠበቅሁት። ዛሬ ይነግሩኝ ይሆን፣ ነገ ይነግሩኝ ይሆን እያልሁ። ካልነገራችሁኝ በምን አፌ ላልቅስለት?»

ሽማግሌዎቹ ከዚያው ቆመዋል።

«ሞቷል፣ እትዬ» አልኋት።

ያን ጊዜ ጮኸች።