ደራ የሄደው ጨርቅ

መምህርት ጸዳለ ማረፋቸውን የነገሩኝ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ በትክክል አላስታውስም። ቡሩሽ ይዤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተምታቶብኛል። እዚህ አዳማ እንግሊዝኛ ላስተማሯችሁ፣ በጉርብትናም ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ከቤታቸው ፊት ለፊት ማስታወቂያ የምሠራው ግርማ ነኝ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ፊደሉን ከድሮ ሥራዬ እያየሁ እስላለሁ። አንድ ጊዜ ከደራ የመጣ ጎልማሳ ለአባቱ ሙት ዓመት የሚሰቀል ጨርቅ አዘዘኝ። የአባቱ ባልደረቦች የውጭ ሰዎች ስለነበሩ እንግሊዝኛም ይኑርበት አለኝ። እኔ በየዓመቱ የሚደረግ ሁሉ አንድ መስሎኝ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጭፈራ ከጻፍኩት ላይ «አኑዋል ፌስቲቫል» የሚለውን ገለበጥኩለት።

ሙት ዓመቱ ነገ ሊሆን ጨርቁን ጠቅልሎ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ሰው የጠራነው ልናስብ ነው ወይስ ልንጨፍር? የአክስቴ ልጅ አንብቦ ሳቀ። እናቴ ምን ያስቅሃል ብትለው ምን ይበላት?»

ጨርቁን ጥሎልኝ ሄደ። በቀትር ሱቄን ዘጋሁ፤ ሁለተኛ ቡሩሽ ላልይዝ ምዬ።

መምህርት መንገዱን ተሻግረው መጡ። «አንተ ግርማ፣ ምን ሆነህ ነው?» ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም።

«ስማኝ፤ ስብሰባና ጭፈራ ሰው ሲጠራው ነው የሚመጣው። እሱ አኑዋል ነው። ሰው የሞተበት ቀን ግን ማንም ሳይጠራው ዞሮ ይመጣል። እሱ አኒቨርሰሪ ይባላል። ፌስቲቫል የሚለውን ደግሞ ከለቅሶ ቤት አርቀው።»

ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩልኝ አዲስ ጨርቅ ጻፍኩ። በማግስቱ ማለዳ፣ ያንን የሚያማቸውን እግር ይዘው፣ በሚኒባስ አብረውኝ ደራ ሄዱ። በጎልማሳው እናት ፊት ይቅርታ ልጠይቅ ስል መምህርት ቀደሙኝ።

«ጥፋቱ የኔም ነው፤ ጎረቤቱ ሆኜ እንዲጠይቀኝ አላደፋፈርኩትም።»

«በሉ ተቀመጡ፤ ዝክር ሳይቀምሱ አይኬድም» አሉን ባልቴቷ።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቃቸው እንግሊዝኛ ጽፌ አላውቅም። ከመንገድ ስጣራ በመስኮት ብቅ ይሉና «የሚጠራ ነው ወይስ ራሱ የሚመጣ?» ይሉኛል። አልጋ ከያዙ ወዲህ ግን ላለማድከም ብዬ መጠየቁን ተውኩ። መስኮቱ ክፍት እንደነበር የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው፤ ልጃቸው «ግርማ ዛሬም አልተጣራም? ይሉ ነበር» አለችኝ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

መምህርት፣ የረሳሁዎ መስሎዎት ሄደው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ከርሞ ያ ቀን ሳንጠራው ሲመጣ ጨርቅዎን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ቢሆንም አስቀድሜ ከመስኮትዎ ሥር ቆሜ እጣራለሁ። በሰላም ይረፉ፣ ደራ ድረስ አብረውኝ የሄዱት መምህርት ጸዳለ።