ጉበት ለጉበት

የበደለችኝ የአባቴ ታናሽ እኅት ናት። ጊዜው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የፋሲካ ዕለት ነው፤ ቦታው አንኮበር፣ የገዛ ቤታችን። ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይሉኛል። እኔ ግን በሕይወት ሳለችም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ዛሬ የጨመርሁት የለም።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ሰንብቷል፤ ሰው የወፍ በሽታ ነው ይል ነበር። የከፋው ግን ያዝ ለቀቅ የሚያደርጋቸው የአእምሮ መናወጥ ነው። ቀን ተኝተው ይውላሉ፤ ሲነቁ ነገር ይዘባረቅባቸዋል። አንድ ቀን ነጠላቸውን ለበቅሏችን አልብሰው፣ «በይ እንግዲህ፣ ቅኔሽን ዝረፊ!» አሏት። እንስቅና መልሰን እናለቅሳለን። የደብሩ ሽማግሎችም ለግንቦት ልደታ ካልተሻላቸው በቦታቸው ሌላ ሰው እንደሚያቆሙ ነገሩን። ከማኅሌቱ ከወጡ ደግሞ አባቴ እንደማይሰነብቱ አውቅ ነበር።

ደብረ ብርሃን ይዣቸው ሄድሁ። ፈረንጁ ሐኪም እጃቸውን ወደ ፊት አስዘረጋቸው። እጃቸው እንደ ዶሮ ክንፍ ተርገበገበ። በጾም ደኅና እንደሆኑና በፍስክ እንደሚብስባቸው የነገርሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙም ራሱን እየነቀነቀ በአስተርጓሚው በኩል አስረዳኝ፦ ሥጋ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ መርዝ ይወጣዋል፤ ያንን የሚያጣራው ጉበት ነው። የእሳቸው ጉበት ስለደከመ መርዙ ሳይጣራ ወደ ራስ ይወጣል። ጉበቱን ማዳን ባይቻልም አእምሮውን መጠበቅ ይቻላል። እንክብል ሰጠኝ፤ ሆዳቸው እንዳይደርቅም የሚያስቀምጥ ጨው ጨመረልኝ። ሥጋ ግን እንዳይቀምሱ።

«ስለዚህ ዕድሜ ልክ ሁዳዴ ነው?» አሉ አባቴ።

«እንደዚያው ነው፣ መሪጌታ» አለ አስተርጓሚው።

«ይሁን። ለፈረንጁ ግን ንገርልኝ፤ ባልሠራሁት ኃጢአት ንስሐ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ወንበሩን ይዞ ሳቀ።

ቤት ስንመለስ አንድ ዘዴ አወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ጸናጽላቸውን አስይዤ እጃቸውን አስዘረጋለሁ። ጸናጽሉ ካልጮኸ ደኅና ናቸው፤ በራሱ ከተንሿሿ ጨዉን እበጠብጣለሁ።

«አባባ፣ ጸናጽሉ ምን ይላል?»

«እሱስ ዝም ብሏል፤ አንቺ ነሽ ያስቸገርሽኝ።»

ሁዳዴው እንዲህ በሳቅ አለቀ።

የፋሲካ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ አክስቴ አገልግሏን ይዛ ከሰላ ድንጋይ ደረሰች። አባቴ ፊት ሽሮ ስታይ ቆመች።

«እናንተ ሰዎች! በበዓለ ሃምሳ ይጾማል? በትንሣኤ አባቷን የምታስጾም ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ነው የከለከለው።»

«እሱስ ፈረንጅ ነው። አንቺ ምን ሆንሽ? ርስቱን ቶሎ ልትወርሺ ነው?»

የእኔን ዶሮ ወጥ የሚበላ ሰው ሁሉ ወደ ገበታው አቀረቀረ። ማን ምን ሲያኝክ እንደነበር ዛሬም አልረሳሁም። እኔም ዕንባዬን ላለማሳየት ጠላ ልቀዳ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግሥቱ እጃቸውን ገና ሳይዘረጉ ጸናጽሉ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ በቅሎዋን እንደገና ቅኔ ጠየቋት። የአክስቴን አገልግል ስከፍት ታቹ ደም ነው። እሷ «ጠበል ይወሰድ» እያለች ደጅ ለደጅ ስትዞር፣ እኔ ጨዉን አጠጣኋቸው፣ እንክብሉን አስዋጥኋቸው፣ ከገብስ አጥሚት በቀር ምንም አላቀመስኋቸውም። ልደታ እየቀረበ ነው፤ ሽማግሎቹም ሌላውን ሰው ማስጠናት ጀምረዋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት እጃቸውን ዘረጉ። ጠበቅሁ። ጸናጽሉ ዝም አለ።

«በቅሎዋስ?» አሉኝ። «ቅኔዋን ጨረሰች?»

እየሳቅሁ ጉልበታቸውን ሳምሁ። በፋሲካው ዕለት ምን እንደበሉ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ ጓዳ ስትገቢ ጥሬ ጉበት አጎረሰችኝ። ‹ጋሼ፣ ጉበት ለጉበት ነው፣ በሞቴ!› አለች። የእኅት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ‹በሞቴ› ያለችው እሷ፣ ልሞት የነበርሁት እኔ!»

የልደታ ዕለት ታቦቱ ወጣ፤ ወረቡን የመሩት አባቴ ናቸው። በሴቶቹ በኩል ቆሜ አየሁ። ጸናጽሉ እሳቸው ሲያዙት ብቻ ይጮኻል፤ ሲያቆሙት ይቆማል። ፀሐዩ ከላይ፣ ከበሮው ከታች፤ ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አክስቴ አጠገቤ ነበረች። እሷም እልል አለችና ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«አያችሁ? የእኔ ጉበት አዳነው!»

ሴቶቹ ተራ በተራ ሳሟት፤ መረቋት።

በሚቀጥለው ፋሲካ በርጩማ አውጥቼ በር ላይ ተቀመጥሁ። የመጣውን አገልግል ሁሉ ፈተሽሁ። የእሷን መጀመሪያ።